ነውሩ የማን ነው?

በጀርመን አገር ሁንስሩክ በሚባለው ኮረብታማ ምድር፣ ቨርነርና ገርትሩድ ቢቨር የተባሉ ባልና ሚስት ዮርክሻየር ቴሪየር የሚባለውን የትንሽ ውሻ ዝርያ ያረቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1984 ከውሾቻቸው አንድ ቡችላ ተወለደ። እናቱም አባቱም በዘር መዝገብ የሰፈሩ ደንበኛ ዮርክሻየሮች ነበሩ። ቡችላው ግን ወላጆቹን አልመሰለም፤ ነጭ ሊታይበት በማይገባው ገላው ላይ ሰፊ ነጭ ይዞ ቡራቡሬ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ዝርያ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። «ቴሪየር» የሚለው ስም «ቴራ»፣ ማለትም ምድር፣ ከሚለው የላቲን ቃል ይወርዳል፤ ጉድጓድ ገብቶ ቀበሮንና አይጥን የሚያሳድድ ውሻ ማለት ነው። ዮርክሻየር ቴሪየር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሰሜን እንግሊዝ፣ በሸማኔዎችና በፋብሪካ ሠራተኞች ቤት ያደገ አይጥ ገዳይ ነበር፤ ኋላ ግን ከፋብሪካው ወጥቶ ወደ እመቤቶች እቅፍ ተሸጋገረ። ክብደቱ ከ3.2 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ሲወለድ ጥቁርና ቡናማ ወርቃማ ነው፤ ሲያድግ የጀርባው ጥቁረት እየፈዘዘ የብረት ዓይነት ሰማያዊ ይሆናል፤ ራሱና እግሮቹ ወርቃማ እንደሆኑ ይቀራሉ። ከዚህ የወጣ ቀለም አይወደድለትም። የአሜሪካ ኬነል ክለብ ደንብ፣ በደረቱ ላይ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ነጭ ምልክት ያለበትን ዮርክሻየር ከውድድር ያስወጣዋል።

ባልና ሚስቱ ቡችላውን አልጣሉትም። እንዲያውም ወደዱት፤ እርሱን የሚመስሉትንም እየፈለጉ ማርባት ጀመሩ። ከዚያ የወረዱት ውሾች ዛሬ በእነርሱ ስም «ቢቨር ቴሪየር» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2021 ያው የአሜሪካ ኬነል ክለብ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ተቀበላቸው፤ በዚህም ዝርያ ነጭ ቀለም የማዕርግ ምልክት ሆነ። በአንዱ ገጽ የሚያስወጣው ነጭ በሌላው ገጽ ያስገባል ማለት ነው። የውሻው ገላ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። እንግዲህ በዚያ በጥር ቀን የተወለደው ቡችላ ነውር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ነገሩ የውሻ ጨዋታ ይመስላል። እኛ ግን ከውሻው ይልቅ የፈራጁን የሰውን ዓይን ለመመርመር ስለፈለግን አነሣነው።

«ነውር» የሚለው ቃል ለክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በብሉይ ኪዳን ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳ ነውር የሌለበት እንዲሆን ታዟል። ይሁን እንጂ የኦሪት ዘሌዋውያንን 22ኛ ምዕራፍ በትዕግሥት የሚያነብ ሰው፣ በዚያ የተቈጠሩት ነውሮች ዕውርነት፣ ስብራት፣ ቍስል፣ እከክና እነዚህን የመሳሰሉ መሆናቸውን ያስተውላል። የጠጉር ቀለም ከእነርሱ ጋር አልተቈጠረም። ስለ ቀለም የሚናገረው በኦሪት ዘኍልቍ 19ኛ ምዕራፍ ያለው የቀይዋ ጊደር ሥርዓት ነው፤ በዚያም ቀይነት ለአንድ ሥርዓት የተመረጠ ምልክት እንጂ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ጊደር ነውረኛ ናት የሚያሰኝ አይደለም። እንስሳውን የሚጎዳው ሌላ፣ የተመልካቹን ዓይን ደስ የማያሰኘው ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የስንፍና ንግግር ይሆናል፤ ከስንፍና ንግግርም የጭካኔ ሥራ ሲወጣ እናያለን።

የአገራችን ገበሬ በሬውን በቀለሙ ቡሬ፣ ዳልቻ እያለ ይጠራዋል፤ ሲጠምደው ግን ጫንቃውን ነው የሚያየው። ይህን ስንል የእኛ ዓይን ከፈረንጅ ዓይን የጸዳ ነው ብለን ለመመካት አይደለም። በገበያችንም የበግና የዶሮ ቀለም ዋጋ ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ለባዕድ አምልኮ ገብስማ ዶሮ ወይም ጥቁር በግ ፍለጋ የሚንከራተተውንም እናውቃለን።

ወደ ቡችላው እንመለስ። ቡራቡሬው ከማን መጣ? ወላጆቹ ሁለቱም ነጭ አልነበሩም። ተመሳሳዩን ጥያቄ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ላባ ሊጠይቅ ይገባው ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት 30ኛ ምዕራፍ እንደተጻፈው፣ ያዕቆብ ከመንጋው ዝንጕርጕርና ነቍጣ ያለባቸው ደመወዙ እንዲሆኑለት ለመነ፤ ላባም እሺ አለ። ነገር ግን በዚያው ቀን ዝንጕርጕሮቹን ሁሉ ለይቶ ለልጆቹ ሰጠና፣ በራሱና በያዕቆብ መካከል የሦስት ቀን መንገድ አራቀ። ለያዕቆብ የቀሩለት ነቍጣ የሌለባቸው ብቻ ነበሩ። ላባ ሰውየውን ባዶ እጁን ያስቀረው መሰለው። ከነዚያው ነቍጣ ከሌለባቸው ግን ዝንጕርጕሮች ተወለዱ። ያዕቆብ በውኃው ገንዳ ፊት ስላቆማቸው በትሮች ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ ያዕቆብ ራሱ ግን በ31ኛው ምዕራፍ ነገሩን ለእግዚአብሔር ቸርነት ይሰጠዋል። እኛን እዚህ ላይ የሚገርመን የላባ ስሕተት ነው፤ ያላየው ሁሉ የሌለ መስሎት ነበር።

ይህ የማይታየው ነገር እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ያሳየው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው። የአውግስጢኖሳውያን ማኅበር መነኩሴና ካህን የነበሩት አባ ግሬጎር ሜንዴል፣ ዛሬ ቼክ በሚባለው አገር በብርኖ ከተማ በገዳማቸው የአትክልት ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 ወደ 28,000 የሚሆን የአተር ተክል አለሙ። ድቡልቡል ፍሬ ያለውን አተር ፍሬው ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅሉ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። የተጨማደደው የጠፋ መሰለ። ያንኑ ትውልድ መልሰው ሲዘሩት ግን፣ ከ7,324 ፍሬዎች መካከል 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ው የተጨማደዱ ሆነው ተገኙ፤ በግምት ሦስት ለአንድ ማለት ነው። መጨማደዱ አልጠፋም ነበር፤ ተሰውሮ ነበር እንጂ። አባ ሜንዴል ይህን እ.ኤ.አ. በ1865 በከተማቸው ማኅበረ ምሁራን ፊት አነበቡ፤ በ1866 ታተመ፤ ያስተዋለው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1868 የገዳሙ አበምኔት ሆነው በአስተዳደር ሥራ ተጠመዱ፤ ጥር 6 ቀን 1884 ዐረፉ። ሥራቸው ክብሩን ያገኘው በ1900 ነው። የቢቨሮች ቡችላ የተወለደው እርሳቸው ካረፉ መቶ ዓመት ከሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ሆኖም ሳናነሣው ማለፍ አልፈለግንም።

ከአባ ሜንዴል አተር የተማርነው ለውሻውም ይሠራል። እያንዳንዱ ውሻ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ዘረ መል (ጂን) ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። የቡራቡሬነቱ ዘረ መል ከድብቆቹ ወገን ነው። አንዱን ብቻ የወረሰ ውሻ ሲያዩት ደንበኛ ዮርክሻየር ነው፤ ሜዳልያ ሊሸለምም ይችላል። ሁለቱንም የወረሰው ግን ቡራቡሬ ሆኖ ይወለዳል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ከአራት ልጆቻቸው በአማካይ አንዱ ቡራቡሬ፣ ሁለቱ እንደ ወላጆቻቸው ተሸካሚዎች፣ አንዱ ከድብቁ ነጻ ይሆናል።

አሁን ከዚህ ሕግ የሚወጣ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ዝርያ ከሚወለዱት 100 ቡችሎች 1ዱ ቡራቡሬ ነው እንበል። ውሾቹ ያለ ምርጫ የሚጋቡ ከሆነ፣ ከቀሩት 99 መካከል 18ቱ ያንኑ ዘረ መል በስውር ይዘውታል። አርቢው ነውረኛ ብሎ አንዱን ሲያስወግድ፣ አሥራ ስምንቱ በክብር ይወልዳሉ ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቡራቡሬ እንዳይወልድ ቢደረግ እንኳ፣ ከመቶ አንድ የነበረውን ከ10,000 አንድ ለማድረስ 90 ትውልድ ያስፈልጋል። የውሻን ትውልድ በሦስት ዓመት ብንገምተው 270 ዓመት ይሆናል። ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ሙሉ ቡችሎችን እያጠፉ፣ ነውሩን ግን አለማጥፋት!

ይህን የምንለው ልማዱ ስለነበረ ነው። በመዝገብ ዘር በሚያረቡ ሰዎች ዘንድ፣ ቀለሙ ያልተፈለገ ቡችላን ገና ዓይኑ ሳይገለጥ ማጥፋት እንደ ጥንቃቄ የሚቈጠርበት ዘመን ረዥም ነበር። አድራጊዎቹ ጨካኞች አልነበሩም፤ ሌሎቹን ውሾቻቸውን በጡጦ የሚያሳድጉ፣ ሲታመሙ አብረው የሚያድሩ ነበሩ። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባናል። ማጥፋቱ ክፉ የሆነው ስለማይጠቅም ነውን? ሒሳቡ በሌላ መንገድ ቢወጣና በአንድ ትውልድ የሚሳካ ቢሆን ኖሮ፣ መልካም ሊሆን ነበርን? እንዲህ ከሆነ ሥነ ምግባራችን ሁሉ በቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁጥር 2415–2418) ሌላ መሠረት ያሳየናል። እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት ናቸውና ቸርነት ይገባቸዋል፤ ሰው ለምግቡና ለልብሱ ሊጠቀምባቸው፣ ለሥራውና ለዕረፍቱም ሊያላምዳቸው ይችላል፤ ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ግን የሰውን የራሱን ክብር ይፃረራል። ስለዚህ ውሻን መርጦ ማርባት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነጩን የወደደ ነጩን ያርባ፤ ጥቁሩን የወደደ ጥቁሩን ያርባ። ያልመረጡትን ውሻ ሳያራቡ ለሚወደው መስጠት ይቻላል። ያልመረጡትን ለሕይወት የማይገባ አድርጎ መቍጠር ግን ምርጫ ሳይሆን ሐሰት ነው፤ በፍጥረቱ ላይ የሌለ ጉድለት መናገር ነውና።

የሰው ዓይን እንዴት ተለዋዋጭ እንደሆነ ከስኮትላንድ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በምዕራባዊው የአርጋይል አውራጃ ትንንሽ ቴሪየሮች ነበሩ፤ ግራጫም፣ ቀይም፣ ነጭም ይወልዱ ነበር። ነጮቹ ደካሞች ናቸው ተብሎ ብዙዎች ይጠሏቸው ነበር። የፖልታሎክ ባላባት የነበሩት ኮሎኔል ኤድዋርድ ማልኮልም አደን ላይ ሳሉ ቀይ ውሻቸውን ቀበሮ መስሏቸው ተኰሱበት፤ ከዚያ ወዲያ በቍጥቋጦ መካከል ለይተው የሚያዩትን ነጩን ብቻ ለማርባት ወሰኑ እየተባለ ይተረካል። ትረካው እውነት ይሁን አይሁን፣ ነጩ ውሻ እ.ኤ.አ. በ1907 በብሪታንያ ኬነል ክለብ ዘንድ ዌስት ሃይላንድ ኋይት ቴሪየር ተብሎ ታወቀ። ዘመዱ የሆነው ኬርን ቴሪየር ደግሞ ዛሬ ከነጭ በቀር በማንኛውም ቀለም ይፈቀዳል። የአንድ ቤት ልጆች በቀለም ተለያይተው በሁለት መዝገብ ሰፈሩ፤ እንዳይጋቡም ተከለከለ።

ነገር ግን መዝገቡ ያልለየው አንድ ነገር ነበር። በሁለቱም ዝርያዎች የነርቭን ሽፋን የሚያጠፋ፣ ክራቤ የሚባል በሽታ አለ። ቡችላው ጤናማ መስሎ ይወለዳል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ እግሮቹ ይከዱታል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይሞታል። በሽታው ሰውንም ይይዛል፤ በጨቅላነቱ የያዘው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ተመራማሪዎች ሲመረምሩ በነጩም በኬርኑም ውሾች ላይ ያገኙት የዘረ መል ጉድለት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ከመለያየታቸው በፊት ከነበረ አባት የወረሱት መሆኑ ነው። ይህም እንደ ቡራቡሬነቱ ድብቅ ነው፤ ከሁለቱም ወላጅ ሲደርስ ብቻ ይገለጣል። ሰዎች ስለ ጠጉሩ ሲጣሉ፣ ከጠጉሩ ሥር እውነተኛው ነውር በሁለቱም ቤት በጸጥታ ይወራረስ ነበር።

መዝገቡን መዝጋት የዚህን ዓይነት በሽታ ያባብሰዋል። ቀለሙ የማረከ አንድ ወንድ ውሻ የብዙዎች አባት ይሆናል፤ የልጅ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይጋባሉ፤ ተሰውሮ የነበረው ሁሉ ከሁለት ወገን እየመጣ ይገናኛል። የብሪታንያው ክለብ ከአባትና ከሴት ልጁ፣ ከእናትና ከወንድ ልጇ፣ ከወንድምና ከእኅት የሚወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኛ ዘግይቷል እንላለን።

ዛሬ የክራቤን ተሸካሚ በደም ወይም በምራቅ ምርመራ መለየት ይቻላል። ተሸካሚውን ነጻ ከሆነው ጋር የሚያጋባ አርቢ አንድም የታመመ ቡችላ አይወለድበትም። ታዲያ ተሸካሚዎቹን በሙሉ ከዘር ማስወጣት አይሻልም ወይ ቢባል፣ የዘረ መል ሊቃውንት አይመክሩትም፤ ብዙ ተሸካሚ በአንድ ጊዜ ሲወጣ የቀረው ዘር ይጠብባል፤ ሌላ ያልታወቀ ድብቅ በሽታም በቀሩት ላይ ይበረታል። ምሕረትና ዕውቀት እዚህ ላይ አንድ መንገድ ይዘዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንለውን በፍርሃት እንላለን፤ ሰውን ከውሻ ጋር ማነጻጸር አንፈልግምና። ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ያነጻጸሩ ነበሩ። የእንስሳትን አረባብ እየጠቀሱ የሰው ዘር «ይጣራ» ያሉ የተማሩ ሰዎች በብዙ አገር ተሰሚነት አገኙ። በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1907 «ብቁ ያልሆኑ» የተባሉትን የሚያመክን ሕግ አወጣች፤ በ1927 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዚህን ዓይነት ሕግ አጸና። ጀርመን በሐምሌ ወር 1933 የራሷን አወጣች፤ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎችም መከኑ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ከዚያ አስቀድመው፣ ታኅሣሥ 31 ቀን 1930 ባወጡት «ካስቲ ኮኑቢ» በተሰኘ መልእክታቸው፣ መንግሥት በንጹሓን ሰዎች አካል ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን እንደሌለው አስተምረው ነበር። ነገሩ ከማምከን ወደ መግደል ሲያልፍ፣ የሙንስተሩ ጳጳስ ክሌመንስ አውጉስት ፎን ጋለን ነሐሴ 3 ቀን 1941 በመንበረ ስብከት ቆመው ሰው እንደ አረጀ ማሽን ወይም እንደ ደከመ ፈረስ የሚወገድ አለመሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በእንስሳ ላይ ጨካኝ የሆነ ሰው በሰውም ላይ ጨካኝ ወደ መሆን ያዘነብላል ሲል የጻፈው ቀላል ነገር አልነበረም። ውሻን በቀለሙ የሚያጠፋ ሁሉ ሰው ያጠፋል አንልም፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሕያው ፍጥረትን አይቶ «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ ለመናገር የለመደ አፍ ግን የት ላይ እንደሚቆም ራሱ አያውቅም።

አንዳንድ አንባብያን «በድርቅና በጦርነት ሕዝብ በሚቸገርበት አገር ስለ ፈረንጅ ውሻ ጠጉር መጻፍ ምን ይሉታል?» ሊሉን ይችላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ትምህርተ ክርስቶስም ከእነርሱ ጋር ነው። በዚያው በ2418 ቁጥር፣ የሰውን ችግር ለማቃለል መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳ ማፍሰስ ተገቢ እንዳልሆነ ይናገራል። የምንነቅፈው ቀለም ከዚህም ጋር ይገናኛል። ዛሬ በብዙ ቦታ ያልተለመደ ቀለም እንደ ነውር መቈጠሩ ቀርቶ «ብርቅ» ተብሎ በእጥፍ ይሸጣል። በግራጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት፣ «መርል» የሚባል ቀለም አለ፤ ከሌላ ዝርያ እየተዳቀለ ወደ ትንንሽ ውሾችም ገብቷል። ይህ ድብቅ አይደለም፤ አንዱ ዘረ መል ብቻውን ይታያል። ሁለት መርሎች ሲጋቡ ግን ከአራቱ ልጆች በአማካይ አንዱ ሁለቱንም ይወርሳል፤ ጠጉሩ አብዛኛው ነጭ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆኖ ይወለዳል፤ ጠጉርን የሚያቀልሙት ሕዋሳት ለውስጠኛው ጆሮና ለዓይንም ያስፈልጋሉና። ኦሪት ነውር ያለችው ዕውርነት እነሆ በሰው እጅ፣ ለገበያ ሲባል ይሠራል። የቢቨሮች ቡችላ ነውረኛ ተብሎ ቢጠፋ ኖሮ በደሉ የወረቀት በደል ነበር፤ ይህኛው ግን ሥጋ የለበሰ ነው።

በከተሞቻችንም በመንገድ ዳር ጸጉራም ትንንሽ ቡችሎች ታቅፈው ለሽያጭ ሲቀርቡ ይታያል። የሚገዛ ምእመን ቢኖር ሻጩን ስለ ቀለሙ ከመጠየቁ በፊት እናቲቱ የት እንዳለች፣ አባቱ ከእርሷ ጋር ዝምድና እንዳለው፣ ከቡችላውም ጋር የተወለዱት የት እንደደረሱ ይጠይቀው።